የአማቴ ቀሚስ በማሽኑ ውስጥ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታከብሩኝ አይደለም። ከዚህ በታች የምታነቡትን ጥፋት ሁሉ ሳላውቅ ያጠፋሁት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ሳያውቁ ማጥፋት በማንም ላይ ይደርሳል። እኔ ያጠፋሁት እያወቅኩ፣ እያብራራሁ፣ መሃል ላይም ቆም ብዬ "ጥያቄ ያለው?" እያልኩ ነው።

ነገሩ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ባለቤቴ ለሊሴ እዚሁ አዳማ ነርስ ናት። የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ነጭ ለብሶ የወጣ ሰው ማታ ቡኒ ለብሶ ይገባል። እጇ በሳሙና ቢላላጥባት እቁብ ገባችና ማሽን ገዛች። ማሽኑ ቤታችን የገባ ዕለት እሷ ልብሱን ከታ፣ ቁልፉን ተጭና፣ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። በሩ ክብ መስታወት ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ሰው ኳስ ያያል፤ እኔ የራሴን ካልሲ ሳይ ዋልኩ።

ጊዜዬን ግን አላባከንኩም። ልብሱን የሚያሽከረክረው፣ ቴክኒሻኖቹ ድራም የሚሉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው በርሜል፣ ሦስት ዓይነት ጠባይ እንዳለው ደረስኩበት። በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር ልብሱን ይዞ ይወጣና ከላይ ይለቀዋል፤ ልብሱ ጧ ብሎ ይወድቃል። ይኼ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ እንደ መደብደብ ነው፤ ለጂንስ ይሆናል። በጣም ሲፈጥን ልብሱ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ውሃው ብቻ በቀዳዳው ይወጣል፤ ይኼ መጭመቅ ነው። ሦስተኛው ጠባዩ ግን አንጀቴን በላው። ትንሽ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይቆማል፤ ያርፋል። ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ ይዞራል፤ ደግሞ ያርፋል። ልብሱ አይወድቅም፣ አይመታም፤ እንደታዘለ ሕፃን እሹሩሩ ይባላል። ለስስ ልብስ ተብሎ የተሠራው ይኼ ነው።

ይህን ግኝት ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ለተማሪዎቼ ነገርኩ። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነገርኩ፤ ሰዎች ሻያቸውን ሳይጨርሱ መነሳት ጀመሩ። ጎረቤቴን ጋሽ ቶሎሳን ደግሞ በአጥር ላይ ይዣቸው ነገርኳቸው። ጋሽ ቶሎሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ትዕግሥት አላቸው። እስከመጨረሻው ሰሙኝና፣

"ልብሱ ታጥቦ ይወጣል?" አሉኝ።

"ይወጣል።"

"በቃ ታዲያ!" ብለው ገቡ።

እንግዲህ እንዲህ ባለ የዕውቀት ከፍታ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው አማቴ የመጡት።

እማማ ጫልቱ የሚኖሩት ወንጂ ነው። ስኳር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። "ፋብሪካ ነበርኩ" ይሉኛል፤ እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም። ከረጢት ሲሰፉ ኖረዋል ብዬ በራሴ ደምድሜያለሁ። እሳቸው እኔን "ሶዳ ኮ" ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ "አማቼ" ማለት ነው። እኔ ከደሴ የመጣሁ ሰው፣ ይህን ቃል መጀመሪያ ከአፋቸው የሰማሁ ዕለት ሮጬ ሱቅ ሄጄ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይዤላቸው መጥቻለሁ። ምንም ሳይሉ ጠጡት። የእማማ ጫልቱ ደግነት እንዲህ ያለ ነው፤ ስህተትህን ጠጥተውልህ ዝም ይላሉ።

የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። በማግስቱ የመጨረሻ ልጃቸው ገመቹ ያገባል። ለሊሴ ሥራ ላይ ስለነበረች መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ፌስታል ቲማቲምና በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ነገር ይዘዋል። ባጃጅ ውስጥ እንደገባን የተጠቀለለውን ጭኔ ላይ አደረጉት።

"ይኼን አንተ ያዝ። ቀሚሴ ናት።"

ቀሚሷን በስም አውቃታለሁ። ነጭ የሽመና ልብስ ናት፤ ከደረቷ እስከ ጫፏ በቀይና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈች። ጥልፉን የጠለፉት ባለቤታቸው ናቸው። ወንጂ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እኔ ሳልደርስባቸው ነው ያረፉት።

"አራት ልጅ ድሬባታለሁ" አሉኝ እማማ፣ መንገዱን እያዩ። "ገመቹ አምስተኛዬ ነው። ከዚያ በኋላ አስቀምጣታለሁ።"

ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ቀሚሷን በሁለት እጄ ያዝኳት። ቲማቲሙም መሬት ላይ እንዳይንከባለል ብዬ አንስቼ ከላይዋ አስቀመጥኩት። አሁን እንደምታዩት፣ ሁለቱም ውሳኔዎች ለየብቻቸው ሲታዩ ጥሩ ናቸው። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ጋሪ ድንገት ፊታችን ገባ፤ ባጃጁ ፍሬን ያዘ፤ እኔም አደራዬ እንዳይወድቅ ባለ በሌለ ኃይሌ አቀፍኩት። አደራው አልወደቀም። ቲማቲሙም አልወደቀም። የሄደበትን ቤት ደርሰን ነጠላውን ስንፈታ አየነው።

ደረቷ ላይ፣ ጥልፉ አጠገብ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀይ።

"ማል ታኤ?" አሉ እማማ ቀስ ብለው። ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ምን እንደሆነ ግን ከሸሚዜ ላይ ይነበብ ነበር።

ወዲያው ተነሱ። "ሳፋና ቀዝቃዛ ውሃ ስጠኝ።"

እዚህ ላይ ሳፋውን ብሰጥ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር። ሳፋው ከበሩ ጀርባ ነው ያለው፤ ሁለት እርምጃ ነው። እኔ ግን "እማማ፣ እኔ ቤት መጥተው ሳፋ? እኔ እያለሁ?" አልኩ። ከመታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሜ ማሽኑን በእጄ አሳየሁ፤ ያረባሁትን ፈረስ እንደማሳይ ሰው።

"ይኼ ነገር ስስ ልብስ ያውቃል?"

"ያውቃል ወይ? እማማ፣ ይቀመጡ።"

አስቀመጥኳቸው። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርጌ በማንኪያ እያዞርኩ ማስረዳት ጀመርኩ። "አንድ ነገር በክብ ሲሽከረከር ወደ ውጭ የሚገፋው የሚመስል ኃይል አለ። ሴንትሪፉጋል ይባላል። ቃሉ ይከብዳል፤ ግድ የለም፣ ቀስ እያልኩ እነግርዎታለሁ።" ስለ መውደቅ ነገርኳቸው፤ ስለ መለጠፍ ነገርኳቸው፤ ስለ እሹሩሩው ነገርኳቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀሁ። እማማ ጫልቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ በየመሃሉ "እሺ" እያሉ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ሰሙኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ እንኳ እንዲያ ሰምቶኝ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ለነገው ምሳ ሽንኩርት ሊልጡ ከሴቶቹ ጋር ቀጠሮ ነበራቸው። ለመሄድ ሲነሱ በር ላይ ዞር አሉ።

"ሶዳ ኮ፣ ብቻዋን እንዳታሽከረክራት። ጓደኛ ትፈልጋለች።"

እኔ ይህን የሰማሁት ባሏ እንደሞተባት ሴት ንግግር ነው። ብቸኝነታቸውን በቀሚሷ መናገራቸው ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። "አይዞዎት፣ አጠገቧ እሆናለሁ" አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና ሄዱ።

ቀሚሷን ብቻዋን ከተትኳት።

ማዞሪያው ላይ ሥዕሎች አሉ፤ አበባ፣ ላባ፣ ሳፋ ውስጥ የገባች እጅ። እጇን መረጥኩ፤ ምርጫዬም ትክክል ነበር። እባካችሁ ይህን መዝግቡልኝ፤ በዚያን ቀን ትክክል ያደረግኩት እሱን ብቻ ነው። ውሃው ገባ፣ ድራሙ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደ፣ አረፈ። ትንሽ ወደ ግራ ሄደ፣ አረፈ። እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ አብሬ ቀኝና ግራ አልኩ። አሥር ደቂቃ አለፈ። በመስታወቱ ሳይ ቀዩ አሁንም አለ።

ደግሞ አሥር ደቂቃ። ቀዩ አለ።

እረፍቱ በዛ መሰለኝ። ይኼ ማሽን ከሚሠራው የሚያርፈው ይበልጣል አልኩ። ሳሙናው የሚሠራው ልክ በዚያ እረፍት ጊዜ መሆኑን፣ እንቅስቃሴው ውሃውን በክሩ መሃል ለማሳለፍ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለጋሽ ቶሎሳ በአጥር ላይ ያብራራሁት ራሴ ነኝ። ማወቅና መታገሥ ግን ለካ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው፤ እኔ ደግሞ የማስተምረው አንዱን ብቻ ነው። ማዞሪያውን ወደ ጂንሱ ወሰድኩት፤ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ብዬ።

ቀሚሷ ወደ ላይ ወጣች። ጧ! ደግሞ ወጣች። ጧ! በሁለተኛው ውድቀት ላይ ጥልፉ መስታወቱ ላይ መጥቶ ተለጠፈ፤ ዙሪያው ያለው ነጭ ላይ ሐምራዊ ጥላ አየሁ። የቲማቲም አይደለም። ቀዩ ክር ቀለም መልቀቅ ጀምሯል!

አቁም ተጫንኩ፤ ቆመ። በሩን ሳብኩ፤ ውሃ ስላለበት አይከፈትም። ውሃው እንዲወጣ ብዬ ማዞሪያውን ወደ መጭመቂያው ወስጄ ስጫን መብራት ጠፋ።

ፀጥ አለ። ቀሚሷ በሩ ተቆልፎባት፣ ቀይ ክሯ ነጩ ላይ ተኝቶ፣ ውሃ ውስጥ ቆመች። ቀለም የሚለቅ ልብስ ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ ከተኛ ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል፤ ልብሱ እየተንቀሳቀሰ መቆየት አለበት። ድራሙን ማንቀሳቀስ አልችልም። ማሽኑን ግን እችላለሁ። ተንበርክኬ ሙሉውን ማሽን አቀፍኩት፤ ጉንጬን ክዳኑ ላይ አስደግፌ ወደ ቀኝ አዘነበልኩት፤ አሳረፍኩት፤ ወደ ግራ አዘነበልኩት። በውስጡ ውሃው ቸፍ ቸፍ ይላል። ላቤ ይወርዳል። የአዳማ እኩለ ቀን ነው፤ ከታጠበችው ቀሚስ ይልቅ እኔ ረጠብኩ።

"ኧረ በጌታ! ምን ሆነህ ነው?" የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ቶሎሳ በሩ ላይ ቆመዋል። የእሳቸውም መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው የመጡት።

"እያጠብኩ ነው" አልኳቸው፣ ከማሽኑ ላይ ጉንጬን ሳላነሳ።

ጎንበስ ብለው በመስታወቱ አዩ። "ያ የነገርከኝ እሱ ነው? እሹሩሩ?"

"እሱ ነው።"

"እኔ ማሽኑ ራሱ የሚሠራው መስሎኝ።"

ጨዋ ሰው ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው በወዲያ በኩል ያዙልኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ መምህርና አንድ ጡረተኛ ሹፌር፣ ማሽን አቅፈን ቀኝ ግራ ማለት ጀመርን። ጋሽ ቶሎሳ ትንሽ ቆይተው መዝሙር ያንጎራጉሩ ጀመር፤ እውነት ለመናገር ሥራውን አቀለለልን።

መብራቱ የመጣው በሁለተኛው አዝማች ላይ ነው።

ማሽኑ የመጨረሻ ትእዛዜን አልረሳም፤ መጭመቅ ጀመረ። አንዲት ቀሚስ ውሃ ጠጥታ በአንድ በኩል ክምር ብላለች፤ በሌላው በኩል ምንም የለም። ድራሙ ሲፈጥን ማሽኑ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዘለለ፣ ከዚያ መራመድ ጀመረ። ጋሽ ቶሎሳ "ፍሬን! ፍሬን!" ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። የውሃ መውጫው ጎማ ከቀዳዳው ተነቅሎ ሁለታችንንም፣ ግድግዳውንም፣ የለሊሴን ፎጣዎችም አጠጣ። እኔ በዚያች ሰከንድ ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን ሁሉ አሰብኩና ማሽኑ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩበት።

ክብደት ይጨምራል ብዬ ነው። ጨመረም። አሁን ማሽኑ እኔን ይዞ መራመድ ጀመረ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ይጨፍራል፤ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ደፍ ላይ ስንደርስ የሳሎኑ በር ተከፈተ፤ እማማ ጫልቱ ገቡ።

"ውረድ" አሉኝ።

ወረድኩ። በውሃው መሃል ረገጥ ረገጥ አድርገው መጡና ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አደረጉት። ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ። አንድ እጃቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው፣ መንቀጥቀጡ እስኪበርድ ጠበቁ።

"ብቻዋን አታሽከርክራት አላልኩህም?"

"ለ... ለስሜት ያሉት መስሎኝ" አልኩ።

"ምን ስሜት? ሚዛን ነው እንጂ! በአንድ ጎን ከከበደ ይዘላል። ፎጣ በወዲያ በኩል ብታደርግላት ተካክላ ትዞር ነበር።" ከዚያ ወደ ጋሽ ቶሎሳ ዞረው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉ፤ ጋሽ ቶሎሳ ውሃ በሚያንጠባጥበው እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"ሃያ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የስኳር ማሽከርከሪያው ላይ ነበርኩ ነው የሚሉህ። ያ እንደዚህ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትልቁ በርሜል፤ ሞላሰሱ በቀዳዳው ወጥቶ ስኳሩ የሚቀርበት።"

እማማን አየኋቸው። "ሴንትሪፉጋል?" አልኩ፣ ድምፄ እንደ አይጥ ቀጥኖ።

"እሱ" አሉ። "እኛም እንደዚያው ነበር የምንለው።"

ሩብ ሰዓት! በብርጭቆና በማንኪያ! "ቃሉ ይከብዳል፤ ቀስ እያልኩ እነግርዎታለሁ" ብዬ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መሬቱ ግን ሴራሚክ ነው፤ ላዩ ላይ ያንሸራትተኝ እንጂ አይውጠኝም።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅከኝም። ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር የምታወራው።"

በሩ ተከፈተ፤ ቀሚሷ ወጣች። የቲማቲሙ እድፍ ጠፍቷል። በቦታው ግን ከጥልፉ የወጣ ሐምራዊ ደመና ደረቷ ላይ ተዘርግቷል፤ ከመጀመሪያው ይሰፋል። እማማ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ጭናቸው ላይ ዘረጓት። እኔ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ። ልብስ ይገዛል፤ እኚያ ሰውዬ ግን ተመልሰው መጥተው አይጠልፉም። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

እሳቸው በአውራ ጣታቸው ጥልፉን ከላይ እስከ ታች፣ ቅጠል በቅጠል፣ ተከትለው ወረዱ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ተነፈሱ።

"አንድም ክር አልተፈታም" አሉ። "ጉድ እኮ ነው የዚያ ሰውዬ ስፌት! እንደዚህ ተደብድቦ!" ብለው ሳቁ፤ እየሳቁም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "በል አሁን ሳፋውን አምጣ።"

አመጣሁ። ራሳቸው ያጥባሉ ብዬ ስጠብቅ ቀሚሷን ለእኔ ሰጡኝ። "አንተ ነህ የምታጥባት።" ተንበርክኬ እጄን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ከተትኩ፤ እንደለመድኩት ላሻት ስል እጄን በጥፊ መቱኝ። "አትሻት! ግፋት። ቀስ። አሁን ተዋት፤ ትረፍ።" ጠበቅኩ። "አዙራት። ግፋት። ተዋት።" የእረፍቱ ጊዜ ነው ያስቸገረኝ፤ እጄ ይበላኛል፤ እሳቸው ግን "ገና ነው" ይላሉ። የሳፋውን ውሃ ሰባት ጊዜ ደፋን። ጋሽ ቶሎሳ ወለሉን እየጠረጉ "ማሽኑም እንዲህ ነው ብሎ ነበር የነገረኝ!" ይሉልኛል፤ ሊያግዙኝ ይሁን ሊያሽሟጥጡኝ እስካሁን አልገባኝም። ደመናው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ የሎሚ ክብ የምታህል ፈዛዛ ምልክት ብቻ ቀረች። እሷ እምቢ አለች። ጥላ ውስጥ አሰጣናት።

ለሊሴ ከሥራ ስትመለስ ወለሉ ደርቋል፣ ማሽኑ ቦታው ገብቷል፣ እኔም ሸሚዝ ቀይሬያለሁ። "ቤቱ ምነው ሳሙና ሳሙና ሸተተ?" አለች። እማማ "ጸዳ እኮ" አሏት። በዚያው ታለፈ።

እሑድ ገመቹ አገባ። እማማ ቀሚሷን ለብሰው፣ ምልክቷን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። እኔ የሥነ ሥርዓቱን ግማሽ አላየሁም፤ ዓይኔ ነጠላው ላይ ነበር። ከምሳ በኋላ ግን አዳራሹ እንደ ምድጃ ጋለ። እማማ ነጠላቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉት። አጠገባቸው የተቀመጡት አክስታቸው ወዲያው አዩ።

"ጫልቱ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

ጠረጴዛው ሁሉ ዞረ። ለሊሴም ዞረች። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።

"ይኼ?" አሉ እማማ፣ ምልክቷን በጣታቸው እየነኩ። "ሶዳ ኮ ናቸው ያጠቡልኝ። በእጃቸው። ተንበርክከው።"

"በእጁ?" አሉ አክስትየው። "የእኔ ልጅ ባል ካገባት ዓሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የራሱን መሐረብ አጥቦ አያውቅም!" ሌላዋ ሴትዮ "ጌታ ይባርክህ" አሉኝ፤ ሦስተኛዋ ሳህኔ ላይ ሥጋ ጨመሩልኝ። ሴቶቹ ሁሉ ተራ በተራ እጄን እያገላበጡ አዩት። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ ትንሽ ቀና አልኩ።

ለሊሴ ብቻ አልተታለለችም። ምልክቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ እኔን አየች።

"ሃርሜ፣ ማሽኑ ውስጥ ከቷታል አይደል?" አለቻቸው እናቷን።

"ተይው አንቺ" አሉ እማማ። "ተምሯል።"

"ምን ተማርክ?" አለችኝ ለሊሴ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ማንኪያዬን አነሳሁና ብርጭቆዬን ወደ መሃል ሳብኩ።

እማማ ጫልቱ ብርጭቆውን ከእጄ ወስደው ጠጡት።

"በአጭሩ" አሉኝ።